የፋኖስ ብርጭቆዋ ማደሪያ

የከብት ሐኪሙ ምስክር ለእፀገነት የገዛላት የፋኖስ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተሰበረ። ዘመኑ 1994 ነው። ከፍኖተ ሰላም ገበዝ ማርያም ድረስ ያለው ጠጠር ሞተሩን እንደ ወንፊት ይነቀንቀዋል፤ ከሞተሩ ኋላ በታሰረው ሣጥን ውስጥ የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከመፍቻው ሲላተም ውሎ፣ ሲደርስ ብርጭቆዋ ስብርባሪ ናት። አስተማሪዋ እፀገነት፣ መብራት ገና ባልገባባት ገበዝ ማርያም፣ የተማሪ ደብተር የምታርመው በተሰነጠቀ ፋኖስ ነው። ስብርባሪውን ባሳያት ቁጥር ትስቃለች።

«ግድ የለም ዶክተር፣ በሚቀጥለው» ትለዋለች።

ገበዝ ማርያም ያለችበት ቋሪት የሥራ ክልሉ አይደለም፤ የሚመጣበት ሰበብ ብርጭቆዋ ብቻ ናት። ያችን «በሚቀጥለው» ይዞ ይመለሳል፤ የወር ስንቁ እሷ ናት።

በሦስተኛው ግን ቆረጠ፤ ብርጭቆዋን በደህና አስረክቦ የልቡን ሊነግራት። ቅዳሜ በተከራየው ቤት በረንዳ ላይ ቀርከሃ ሰነጠቀ። የሣጥኑን ወርድ በክር ለክቶ፣ ፍልጡን እያነባበረ በሽቦ አሰረ። ያረጀ ሸበጡን ቆራርጦ ጠርዙን አለበሰው። ለብልቃጡ አንድ ክፍል፣ ለመርፌው አንድ፣ ለመፍቻው አንድ። መካከለኛዋን፣ የብርጭቆዋን፣ በገዛ ፎጣው አለበሳት።

አከራዩ እትዬ እናኑ ከደጃፉ ቆመው አዩት።

«ማንን ልታስተኛበት ነው ልጄ?»

«ብርጭቆ ነው፣ እትዬ።»

«ለእኔስ በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ፍራሽ አልተነጠፈልኝም።»

ሳቀ፤ ቀና ብሎ ግን አላያቸውም።

በማግስቱ ዳገቱን ሲወጣ ለራሱ አንጎራጎረ፦

*መንገዱ ጠጠር ነው፣ ቀስ በል ሞተሬ፣*
*ያልተናገርሁትን አዝያለሁ ዛሬ።*

ደረሰ። ሣጥኑን ከፈተ። ብርጭቆዋ ጭረት እንኳ የለባትም። እፀገነት ወደ ፀሐይ አንሥታ አየቻት፤ ፋኖሱ ላይ አኖረቻት፤ ልክክ አለች። በዚህኛው ቀን አልሳቀችም።

«ክፍሏን ራስዎ ሠሯት?»

«እኔው ነኝ።»

«በሉ፣ እንግዲህ ከዚህ መንገድ ተገላገሉ፣ ዶክተር።»

ሊነግራት ያመጣውን ትቶ ባዶዋን ክፍል አየ። እስከዛሬ ወደዚህ የጠራው ስብርባሪው ነበር፤ ደህና ብርጭቆ ሰው አይጠራም።

በአገሩ ደንብ የሰው ዕቃ ባዶውን አይሸኝም፤ እፀገነት ወደ ጓዳ ገባች። ምስክር በልቡ ለመነ፦ ማርም ይሁን ቅቤ፣ ብቻ በማሰሮ ታምጣው፤ ማሰሮዋን ለመመለስ ይመጣል። በጓሮ በር ዞራ ስትመጣ ግን የያዘችው አንድ እስር ጤና አዳም ነበር። በባዶዋ ክፍል፣ በፎጣው ላይ አጋደመችለት።

«ለመንገድ ያህል» አለችው።

የሚመለስ ዕቃ አልነበረውም።

ቁልቁለቱን ሲወርድ አላንጎራጎረም። ሞተሩ ጠጠሩ ላይ ቢዘልም ከሣጥኑ ድምፅ አልመጣም፤ ሁሉም በየክፍሉ ተኝቷል።

በሳምንቱ ወደ ቡሬ መድኃኒት ሲጭን ጤና አዳሙን ደርቆ አገኘው። ብልቃጦቹ በዝተው ቦታ አጡ። ጤና አዳሙን ከክፍሏ ሳያነሣ፣ ትርፎቹን በኮቱ ኪስ ከተተና፣ ሣጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋው።