ያስታጠብኩት እጅ

ግቢያችን ውስጥ ያለው ቧንቧ ሲከፈት፣ ውኃው ከሥሩ የተቀመጠው ሳፋ ላይ እየወረደ የሚያሰማው ድምፅ ከዚህ ከወልዲያ አንሥቶ መርሳ፣ እናቴ ቤት ይመልሰኛል። ያኔ ቧንቧ አልነበረንም፤ እንግዳ ሲመጣ በማንቆርቆሪያ የማስታጥበው እኔ ነበርኩ።

አባቴ ብርቱካን እየጫነ እስከ ደሴ ድረስ ይነግድ ነበር። አንድ ክረምት ውርጌሳ ላይ ሌላ ሴት ማግባቱ ተሰማ፤ እናቴም ምንም ሳትጮህ ነጠላዋን አጣፍታ ፍርድ ቤት ሄደች። መስከረም ላይ ዳኛው፣ ፍቺው እስኪወሰን ድረስ አባቴ የቤቱን ኪራይና የእኛን ቀለብ በየወሩ እንዲሰጥ አዘዙ። እናቴ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥኗ ውስጥ ታስቀምጠው ነበር፤ ወሩ ሲሞላ አውጥታ «እስቲ አንብቢልኝ» ትለኛለች፣ ተማሪ ቤት የገባሁ እኔ ስለነበርኩ አነብላታለሁ። አባቴ ግን «ብርቱካኑ ገና አልተሸጠም» እያለ የፍርድ ቤቱን መልእክተኛ ባዶ እጁን ይመልሰው ነበር። የቤቱ ባለቤት እማ ዘይነባ አጥሩን ተደግፈው «አንቺ፣ ወረቀቱ ኪራይ ይከፍላል እንዴ?» ይሏት ነበር። ቀልድ ይመስላል እንጂ ልጃቸውን ሊድሩ ስለነበር ቤቱን ይፈልጉት ነበር። በመጨረሻ እናቴ ዳኛው ዘንድ ተመልሳ አመለከተች፤ አባቴም ለኅዳር አጋማሽ ቀጠሮ ተሰጥቶት፣ ያን ቀን ሳይከፍል ቢቀርብ እንደሚታሰር ተነገረው።

ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አባቴ አያ ተሰማ የሚባሉትን የሰፈር ሽማግሌ አስከትሎ፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ መጣ። «በሚካኤል መጣን» አሉ አያ ተሰማ ከደጅ ሆነው። በእኛ አገር በዓሉን ጠርቶ የመጣን ሰው፣ ጠላትም ቢሆን፣ ሳያበሉ መመለስ ነውር ነው። እናቴ «ግቡ» አለች።

እኔ አስታጠብኩ። አባቴ መዳፉን ዘርግቶ «አፍስሺው እንጂ! ውኃውም ተቆጠረብኝ?» እያለ ያስቀኝ ነበር። ከዚያ እንጀራውን በወጥ ጠቅልሎ «እንቺ፣ በሚካኤል ቀን ቂም አይያዝም» ብሎ ለእናቴ ዘረጋላት። አያ ተሰማ እያዩዋት ነበርና እጁን መመለስ አልቻለችም፤ ጎረሰች። እኔ ደስ አለኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ እማ ዘይነባ በአጥሩ በኩል «ተከሳሽ ከከሳሹ መሶብ ሲቆርስ ዛሬ አየሁ፤ ወላሂ ጉድ ነው!» አሉ። እናቴ መሶቡን ከደነች።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ከዳኛው ፊት ቆሞ «ታርቀናል፤ አንድ ማዕድ ቀርበናል» አለ። አያ ተሰማም ያዩትን መሰከሩ፤ ውሸት አልተናገሩም። እናቴ «ለበዓሉ ብዬ ነው እንጂ አልታረቅንም» ስትል ዳኛው እኔን ጠሩኝ።

«አባትሽ ቤት ገብቶ በላ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

የጠየቁኝ ይህንኑ ብቻ ነበር። እኔ ግን «እማዬንም አጉርሷታል» ብዬ ጨመርኩ፤ እንዲህ ካልኩ አባቴ ወደ ቤት የሚመለስ መስሎኝ ነበር።

እንደታረቁ ተቆጥሮ ትእዛዙ ተነሣ። አባቴ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ወደ ውርጌሳ ሄደ እንጂ ወደ እኛ አልመጣም። ጥር ሲገባ ቤቱን ለቀን፣ ዕቃችንን በአህያ ጭነን ግራና ወደምትባል ከተማ ሄደን አጎቴ ዘንድ ተጠጋን። እናቴ ያችን ቃሌን አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም። ወረቀቱን ግን ዳግመኛ አንብቢልኝ አላለችኝም።

አሁን የልጅ ልጄ ሕፃኗን ይዛ እኔ ዘንድ ናት፤ እሷም ፍቺ ላይ ናት። የእሷ ትእዛዝ በቀጥታ ለባሏ መሥሪያ ቤት ተጽፎ፣ ገንዘቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይገባላታል፤ ማንም ማንንም ደጅ አያስጠናም። መልእክቱ ስልኳ ላይ ሲደርስ ታሳየኛለች፣ መነጽሬን አድርጌ አነበዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ባሏ ሕፃኗን ሊያይ መጣ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ብርቱካን ልጦ ሲያበላት ቆየና፣ ጣቶቹን ዘርግቶ «እማማ፣ እጄን ልታጠብ ነበር» አለኝ። ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ማንቆርቆሪያውን ይዣለሁ።

መልሼ አስቀመጥኩት።

«ቧንቧው ያውልህ» አልኩት፤ ተቀምጬም ውኃው ሳፋው ላይ ሲወርድ ሰማሁ።