ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ጥሩብርሃን ጸጋዬ ሙሉቀን፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ስድስት። ተወልዳ ያደገችው ጂንካ ነው። አባቷ ከሰሜን መጥተው በጽሕፈት ቤት ያገለገሉ ሰው ነበሩ፤ እናቷ ወይዘሮ ዓባይነሽ ግን ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ኪሮሽ ከእጃቸው አይለይም። ጥሩብርሃን በ1983 ዓ.ም. በታይፒስትነት ተቀጠረች። የጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲተካ ከቢሮ ወጥታ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከእናቷ ቤት ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈተች። ቆይታም የሠርግ ፊልም ማቀናበር ጀመረች። እዚህ የምተርከው ስለ 2001 ዓ.ም. ጥር አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ሴትዮዋን ለማወቅ እርሱ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ተቀርጾ፣ ተቆርጦና ዘፈን ተጨምሮበት የተሰደረው ምስል በመጨረሻ አንድ ወጥ ፊልም ሆኖ መውጣት አለበት፤ ባለሙያዎቹ ይህን «ሬንደር» ይሉታል። ሬንደር ሲደረግ ሰው የሚሠራው ነገር የለም፤ ኮምፒውተሩ ብቻውን ያሰላል፣ ባለቤቱ ይጠብቃል። የጥሩብርሃን ኮምፒውተር አሮጌ፣ ባለ አንድ ኮር፣ ማለትም በአንድ አንጎል ብቻ የሚያሰላ ነበር። አንድ ሙሉ ሠርግ ለማውጣት ከማለዳ እስከ ምሽት ይፈጅበታል። መብራት ደግሞ በፈረቃ ነበር፤ ማለዳ መጥቶ ከቀትር በኋላ ይሄዳል። ጄኔሬተር ተከራይታ ብትሞክር ከፍ ዝቅ የሚለው ኃይል ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለውን ፓወር ሰፕላይ አቃጠለባት። ስለዚህ ፊልሙን እየከፋፈለች ታወጣና ትቀጥለው ነበር። መጋጠሚያው ያስታውቃል።

የቀይ አፈር ከተማው ነጋዴ አቶ ጎሳዬ የልጃቸውን ሠርግ ካሴቶች ይዘው የመጡት ሰኞ ዕለት ነው።

«እሑድ መልስ ነው» አሏት። «ዘመድ ሁሉ፣ ከወይጦ የሚመጣውም ሳይቀር፣ እኔ ቤት ይሰበሰባል። ፊልሙን በዚያ ቀን ካላሳየሁ ከዚያ ወዲያ ለማን አሳያለሁ?»

«ይደርሳል፣ ጋሽ ጎሳዬ።»

«የእህቴ ልጅ ሠርግም ደርሶ ነበር። ሙሽራዋ ስትገባ ዘፈኑን ትን አለውና ቆመ። እስከ ዛሬ ‘ውኃ ስጡት’ እየተባለ ይሳቅብናል።» ካሴቶቹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ሳይቆራረጥ እሑድ ካልደረሰ እኔም ወንድሞቼም የዘንድሮውን ሠርግ ሁሉ አርባ ምንጭ ነው የምንልከው። እወቂው ብዬ ነው።»

ዛቻው ባዶ አልነበረም። የጎሳዬ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ እርሳቸው በሄዱበት ሌላው ይከተላል። ጥሩብርሃን ፊልሙን ካጣች የሚቀራት ፎቶ ኮፒ ነበር፤ ፎቶ ኮፒ ደግሞ በዚያው መንገድ ላይ ሌሎችም ያነሡ ነበር።

ሆኖም ያለ ዝግጅት ቃል አልገባችም። ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ፣ የትኛውን ፕሮሰሰር፣ ማለትም የትኛውን አስሊ ክፍል፣ እንደሚቀበል ከአምራቹ ዝርዝር አስቀድማ አጣርታ ነበር፤ ባለ ሁለት ኮር የሆነው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በጥጥ ተጠቅልሎ መጣላት። በመጀመሪያ የማዘርቦርዱን የውስጥ ፕሮግራም ማደስ ነበረባት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ዳግመኛ አይነሣምና ሥራውን መብራቱ እንደ መጣ ጀምራ ጨረሰች። ከዚያ አሮጌውን ነቅላ፣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠርጋ፣ አዲሱን አስቀመጠች። በላዩ የሩዝ ፍሬ የምታህል ነጭ ቅባት አድርጋ የማቀዝቀዣውን ብረት አሠረችበት።

አዲሱ ፕሮሰሰር በፋብሪካ ፍጥነቱ ግን አልበቃም። በአጭር ናሙና ለክታ ስታሰላው፣ ሙሉው ፊልም ፈረቃው ካበቃ በኋላ የሚያልቅ ሆነ። ልዩነቱ ጥቂት ነበር፤ ያም ሆኖ መብራት ለጥቂት ብሎ አይጠብቅም። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። አንደኛው በፋብሪካ የተቆለፈ ዘጠኝ ነበር፤ ሁለተኛው፣ ከማዘርቦርዱ የሚመጣው ምት፣ ሁለት መቶ ነው። ብዜቱ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሜጋኸርዝ ይሆናል። ጥሩብርሃን ሁለተኛውን ወደ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ልታደርሰው ወሰነች፤ ይህም ፍጥነቱን በሲሶ ይጨምረዋል።

ተገኝ የሚባል የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ፣ የሱቅ ጎረቤቷ፣ ቆሞ ይመለከት ነበር።

«ፋብሪካው የጻፈውን ቁጥር ልታርሚ ነው?» አላት።

«ፋብሪካው ለዓለም ሁሉ አንድ ቁጥር ጻፈ። እኔ ለጂንካ ፈረቃ ነው የምፈልገው።»

«እሺ። ሲጨስ ጥሪኝ፣ በቆሎ ይዤ እመጣለሁ።»

ፍጥነት ሲጨምር ሙቀት እንደሚጨምር ታውቃለች። ስለዚህ የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አወለቀች፤ አየር እንዲገባም መስኮቱን ከፈተች። ሐሙስ ማለዳ ሬንደሩን አስጀምራ፣ የመንገዱ አቧራ እንዳይገባ ኮምፒውተሩ ያለበትን የውስጥ ክፍል በር ዘግታ፣ ደንበኞቿን ልታስተናግድ ወደ ፊተኛው ሱቅ ወጣች። ረፋዱ ላይ ተመልሳ ስትገባ፣ መብራቱ ሳይሄድ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ዓርብ ምቱን ወደ ሁለት መቶ አርባ ዝቅ አድርጋ ሞከረች። እንደገና ጠፋ፤ ያውም በዚያው ሰዓት ገደማ።

«መልሺው ወደነበረበት» አለ ተገኝ። አሁን አልቀለደም።

«ብመልሰው አይደርስም። ደግሞ ጥፋቱ የፍጥነቱ ቢሆን፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጥፋቱም መዘግየት ነበረበት። አልዘገየም።»

ይህን ያለችው ኮምፒውተሩን መልሳ ልታስነሣ፣ በላዩ ያለውን ዳንቴል እያነሣች ነው። እጇ ድንገት ቆመ። ጨርቁ ገና ከካውያ የወጣ ይመስል ይሞቃል። ለዓመታት ወደዚያ ክፍል በገባች ቁጥር በቅድሚያ የምታደርገው ዳንቴሉን ማንሣት ነበርና እጇ ለምዶታል፤ ልብ አትለውም። ሆኖም በዚያው ማለዳ አንሥታው ነበር። ቀና ስትል መስኮቱም ተዘግቷል።

«እማዬ! እዚህ ገብተሽ ነበር?»

ወይዘሮ ዓባይነሽ በጓሮው በር ብቅ አሉ። «ገብቻለሁ። ምነው፣ ዕቃውን ገላውን አራቁታችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ? አቧራውም ብርዱም ይገባበታል። ትናንትም እኔ ነኝ ያለበስኩት።»

ተገኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተሸፍኖ ከልክ በላይ ሲግል ራሱን ያጠፋል። እናትየው ከዚህ በፊት ዳንቴሉን የሚያለብሱት ሥራ ሲያበቃ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን በሥራ ሰዓት ያስገባቸው ክዳኑ ተነሥቶ ማየታቸው ነው። ልጅየዋ ለማቀዝቀዝ ያደረገችው ነገር እናትየውን ለማልበስ ጠራቸው። ዳንቴሉ ደግሞ ቀላል ሥራ አልነበረም፤ ባለ ድርብ ጥልፍ፣ የአንድ ክረምት ድካም ነው። ጥሩብርሃን ጨርቁን አጣጥፋ ለእናቷ ሰጠቻቸው።

«እማዬ፣ ይህ ዕቃ ሲሠራ በጣም ይግላል። ዳንቴልሽን ያቃጥልብሻል።»

«ያቃጥላል?» ወይዘሮ ዓባይነሽ ዳንቴሉን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። «ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? አንተም ተገኝ፣ አፍህን ዘግተህ ታያለህ?»

«እኔ የሬዲዮ ሰው ነኝ፣ እማማ። ሬዲዮ ዳንቴል አያቃጥልም።»

ቅዳሜ ማለዳ ጥሩብርሃን ምቱን ወደ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት መለሰችው። ክዳኑ ወልቆ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ሬንደሩ ተጀመረ። ወይዘሮ ዓባይነሽ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳንቴሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጡ። ማንም እንዳይነካው፣ ማንም ጨርቅ እንዳያስጠጋ ይጠብቃሉ። የጎረቤት ሴት ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጣል ልታደርግ ብትል «ይበላብሻል» ብለው መለሷት። በማያ ገጹ ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር ሳያቋርጥ ወደ ቀኝ ሄደ፤ መጨረሻው ላይም ደረሰ። መብራቱ የሄደው ፊልሙ ዲስክ ላይ ወርዶ፣ ዲስኩ ከመቅጃው ከወጣ በኋላ ነው። ተገኝ ያን ጊዜ የተቀቀለ በቆሎ ይዞ ገባ። ቃሉን ጠብቋል።

እሑድ ቀይ አፈር፣ በአቶ ጎሳዬ ዳስ ውስጥ፣ ሙሽራዋ በፊልሙ ስትገባ የተጋበዘው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ዘፈኑ አልቆመም። አንዱ ከኋላ «ዛሬስ ውኃ ጠጥቶ ነው የመጣው» ሲል ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አቶ ጎሳዬ ተነሥተው «ጂንካ ነው የተሠራው» አሉ፤ ይህንኑ ደግመው አሉት። በዚያ ዓመት የወንድሞቻቸው ሠርግ ሁሉ ወደ ጥሩብርሃን መጣ፤ በተከታዩ ዓመት የወይጦዎቹ ተጨመሩ። ያ ፕሮሰሰር በዚያው ፍጥነት ለዓመታት ሠራ። እስከ ዛሬም ይነሣል።

አሁን ሱቁ ስቱዲዮ ሆኗል። ዘንድሮ ጥሩብርሃን ከሁሉ የበረታ አዲስ ኮምፒውተር አስገባች። ወይዘሮ ዓባይነሽ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጥቅል ይዘው ወደ ስቱዲዮው ገቡ። ክረምቱን ሙሉ፣ አንዳንዴም በዳሰሳ ብቻ፣ የሠሩት ዳንቴል ነው፤ ክሩ ወፍራም፣ ጥልፉ ጥቅጥቅ ያለ።

«ይኸው» አሉ። «የፈለገ ቢግል ይህን አያቃጥለውም። ሲሠራም ልታለብሽው ትችያለሽ።»

ጥሩብርሃን በሁለት እጇ ተቀበለች። እስካሁን አላለበሰችውም፤ እናቷም በየማለዳው እየገቡ ኮምፒውተሩን ይዳስሳሉ። ያን ዓርብ «ዳንቴልሽን ያቃጥልብሻል» ያለቻቸው ሐሰት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ እነዚያን ሠርጎች ሁሉ ያተረፈችውም እርሷ ናት። አንባቢ ሆይ፣ እርስዎ በልጅቱ ቦታ ቢሆኑ፣ ነገ ማለዳ እነዚያ እጆች ኮምፒውተሩን ዳስሰው ራቁቱን ሲያገኙት፣ ምን ይሏቸዋል?