ሰው ሳይወስድ ስም የማያገኝ ሐይቅ

ሲሪሎ ታራሶና ሐይቁን የሚያውቀው ገና ኩሬ ሳለ ጀምሮ ነው። የሻሊራሁ ተራራ በረዶ ወደ ላይ ሲሸሽ ጎድጓዳው ውስጥ የቀረ ውኃ ነበር። ያን ጊዜ «ወንድ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ዙሪያውን ለመዞር ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሆነ። የሚገድበው ደግሞ በረዶው ድሮ እየገፋ የከመረው አፈርና ኮረት ብቻ ነው። ከበላዩ የተንጠለጠለ የበረዶ ገደል፣ ከበታቹ ሰማንያ ቤት ያለው የራንራፓታ መንደር። አደጋውን ለማየት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ዓይን ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ማየት ካልፈለገ በቀር።

ሲሪሎ የመንደሩ የውኃ አባት ነው። መስኖውን በተራ ያካፍላል፣ ምንጩን ወጥቶ ያያል። ትምህርቱ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም የውኃን ጠባይ ያውቃል። በዚያ ዓመት ውኃው ከግድቡ አናት ሊደርስ ሦስት ሜትር ሲቀረው ወደ አውራጃው ከተማ ወረደና፣ ውኃውን ስቦ የሚቀንስ ቧንቧ ይሰጠን ብሎ ለመነ።

የውኃ ቢሮው ጸሐፊ መዝገቡን በጣቷ ከላይ እስከ ታች ወረደችበት።

«የሐይቁ ስም ማን ነው፣ አባት?»

«ስም የለውም።»

«ስም ከሌለው መዝገብ አይገባም። መዝገብ ላይ ለሌለ ሐይቅ ቧንቧ አይወጣም።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ አሁን የመጣሁት ከእሱ ዘንድ ነው!»

«መኖሩንስ ይኖር ይሆናል። ጉባኤያችሁ ስም ያውጣለትና ቃለ ጉባኤውን ይዘው ይምጡ።»

ጣጣው እዚህ ላይ ነበር። በዚያ ሸለቆ ሐይቅ ስም የሚያገኘው ሰው ሲወስድ ነው። ላይኛው ሳቢና ይባላል፤ ሳቢና በሠርጓ ማግስት የሰጠመች ሙሽራ ናት። ከጎኑ ያለው ቶሪቢዮ ነው፤ ቶሪቢዮም ከነአህያው የገባ ነጋዴ ነበር። ቀድሞ ስም ያወጣ፣ ውኃውን ና ውሰድ ብሎ እንደ ጋበዘው ይቆጠራል።

ሲሪሎ ጉዳዩን ለጉባኤው አቀረበ። ሰው እንደ ጫት የሚያኝከውን የኮካ ቅጠል ያላምጣል።

«የሰው ስም ይቅር፤ አረንጓዴ ሐይቅ እንበለውና እንገላገል» አለ ሲሪሎ።

የመንደሩ ሊቀ መንበር ዶን ግሬጎሪዮ ራሱን ነቀነቀ። «ስም ስም ነው። የጠራኸው ውኃ ዋጋውን ይጠይቅሃል።»

ከሴቶቹ ወገን የሲሪሎ ታላቅ እኅት ኤደልሚራ ተነሣች። «ለገዛ ልጆቹ ስም ለማውጣት ዓመት የፈጀበት ሰው፣ ዛሬ ውኃ ክርስትና ሊያነሣ መጣላችሁ!»

ጉባኤው በሳቅ አውካካ።

«እትዬ፣ ጎርፉ ቀድሞ የሚመጣው አንቺው ደጅ ነው» አላት ሲሪሎ። ቤቷ ከሁሉ በላይ፣ ከሐይቁ በሚወርደው ወንዝ ዳር ነበር።

«ይምጣ! ድንች ቀቅዬ እጠብቀዋለሁ።»

«እንግዲያው በእኔ ስም ይጠራ። ሲሪሎ በሉት።»

ሳቁ ተቆረጠ። የኤደልሚራ ፊት አመድ መሰለ።

«አፍህን ያዝ! አንተን ለውኃ ሰጥቼ ነው ቧንቧ የማገኘው? ቢቀርስ!»

ለተቃውሞ የመጀመሪያውን እጅ ያወጣች እሷ ናት። ሌላው ተከተላት።

ሲሪሎ አልተወም። ብቻውን ከተማ ወርዶ ቅጹ ላይ የራሱን ስም አስጻፈ። ጸሐፊዋ አንብባ መለሰችለት። «በሕይወት ባለ ሰው ስም መሰየም ደንቡ አይፈቅድም፣ አባት።»

ልብ በሉ! መንደሩ ሬሳ ይጠይቃል፣ ቢሮውም ሬሳ ይጠይቃል። በመንገድ፣ በትምህርት ቤት፣ በሐኪም አንድ ቀን ተስማምተው የማያውቁ ሁለቱ፣ በዚህ ተስማሙ። አንዱ ወግ አለው፣ ሌላው ደንብ፤ ውኃው ግን ሁለቱንም አላነበበም።

በየካቲት፣ ዝናቡ በበረታበት ወር፣ በገበያ ቀን፣ ረፋዱ ላይ ገደሉ ተገመሰ። በረዶው ሐይቁ ውስጥ ሲወድቅ ማዕበሉ ግድቡን ዘለለ። መንደርተኛው ከሸንተረሩ ማዶ ገበያ ነበር። ሲሪሎ ቦይ ሊጠርግ ዳገቱ ላይ ነበርና «እትዬ! ውጪ!» እያለ ጮኸ። ድምፁን ጎርፉ ዋጠው። ዐሥራ አንድ ቤት ሄደ። ኤደልሚራ የታመመች በግ አለችኝ ብላ ከገበያ ቀርታ ቤቷ ነበረች። ቀሚሷን እንጂ እሷን አላገኙም።

ጉባኤው በሳምንቱ ተሰበሰበ። ዶን ግሬጎሪዮ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንግዲህ ስም አገኘ» አለ።

«ስንት ጊዜ ነገርኳችሁ!» ሲል ሲሪሎ ጮኸ። ቀና ብሎ ያየው የለም። እጅ ሁሉ ወጣ። ቃለ ጉባኤውን ተሸክሞ የወረደውም እሱው ነው፤ ውኃው ገና ሞልቶ ከላይ ተቀምጧልና እሱ ካልሄደ ማን ይሂድ? ጸሐፊዋ በዚያው ቀን ማኅተም መታችበት።

ቧንቧው በአራተኛው ወር መጣ። የሠራተኞቹ አለቃ ካርታውን ዘርግቶ አነበበ።

«ኤደልሚራ ሐይቅ። ቆንጆ ስም ነው፤ የመንደራችሁ ጠባቂ ቅድስት ስም ነው?»

«እኅቴ ናት» አለ ሲሪሎ።

አለቃው ባርኔጣውን ነካ አደረገና ካርታውን አጠፈ። «በየት በኩል ነው የምንወጣው?» አለ።

ሲሪሎ የቧንቧውን ጫፍ ትከሻው ላይ አወጣ።

«በእሷ ደጅ። አቋራጩ እሱ ነው፤ አሁን የሚያግድ ግድግዳ የለም።»