ሰሊጡን የሚፈትሸው ሙዳሲር

ሙዳሲርና ራሒማ በተጋቡ በስድስት ዓመታቸውም ልጅ አላገኙም። ሙዳሲር ምክንያቱን ሊፈልግ ተነሣ፤ የፈለገው ግን ሚስቱ ላይ ብቻ ነበር። ከገላባት መድኃኒት አዋቂ እስከ ገዳሪፍ ሐኪም አመላለሳት። ሐኪሙ በሴት በኩል በብዛት የሚያጋጥሙትን ችግሮች አንድ በአንድ መረመረ፦ እንቁላሏ በየወሩ ይወጣል፣ ቱቦዎቿም አልተዘጉም።

ሙዳሲር በምሥራቅ ሱዳን ባሱንዳ ትራክተር ይነዳል። ክረምት ሲቃረብ መቶ ፍሬ ሰሊጥ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀልልና ስንቱ እንደሚበቅል ያያል። ዘንድሮም ሲጠቀልል ራሒማ አየችው።

«አንተ ሰው፣ ሰሊጡን ሳትፈትሽ መሬቱን አትወቅስም። እኔን ግን ስድስት ዓመት ወቀስህ!»

«እኔ ምን ሆኜ? ጆንያ በአንድ እጄ የማነሣ ሰው!»

«የምንፈልገው ጆንያ ነው እንዴ?»

በአራተኛው ቀን ጨርቁን ፈታው። ከመቶው የበቀለው ስልሳ አንድ ነበር። የቀሩትን መዳፉ ላይ አገላበጣቸው፤ ነጭ፣ ሙሉ፣ ከውጭ ሲታዩ ምንም የማይጎድላቸው ናቸው። በማግስቱ ገዳሪፍ ሄዶ ራሱን አስመረመረ።

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዋፋ ማይክሮስኮፑን አስተካክላ ጠራችው። «ጋሼ ሙዳሲር፣ ይምጡ፣ ራስዎ ይዩ።»

ጎንበስ አለ። ጭራ ያላቸው ሕያዋን ነገሮች ይርመሰመሳሉ! ስልሳ ያህሉ ቢሰለፉ የአንድ ሰሊጥ ርዝመት ነው የሚሆኑት።

«ሱብሃነላህ! ይህ ሁሉ ከእኔ ነው?»

«አዎ፤ ግን ቁጥራቸው ትንሽ ነው። የሚንቀሳቀሱትም ከመቶ አሥር አይሞሉም።»

ከዚያ ሐኪሙ አስረዳው። መውለድ ካልቻሉ ሦስት ጥንዶች በአንዱ ገደማ ችግሩ ከወንዱ ነው፤ የሁለቱም የሚሆንበት፣ ጭራሽ የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። የወንድ ፍሬ ከሰውነት ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ቅዝቃዜ ስለሚፈልግ ነው። ያበጠ የደም ሥር፣ ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን፣ ትምባሆና ሙቀት ይጎዱታል። ሙዳሲር እብጠትም ኢንፌክሽንም አልተገኘበትም። ግን ዓመታትን በጋለ ሞተር አጠገብ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ሥር ትምባሆ ይዞ አሳልፏል። ሐኪሙ እርግጠኛ ባይሆንም የጠረጠረው እነዚህን ሁለቱን ነው።

አዲስ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ሙዳሲር ይህን ሲሰማ ሰሊጡን አሰበ። ሰሊጥም ተዘርቶ እስኪታጨድ ከሦስት ወር ብዙም አይርቅም፤ በየዓመቱ እርሻ ላይ ሲጠብቀው የኖረው ነገር በራሱ ገላ ውስጥም ሳያቋርጥ ይካሄድ ኖሯል።

ቤት ገብቶ ራሒማን «አውፍ በዪኝ» አላት። ጀርባዋን ሰጥታው ጓዳ ገባች።

አሁን ትራክተሩን ለጓደኛው ለወልዳይ ትቶ ገዳሪፍ ገበያ ሰሊጥ ይመዝናል። ትምባሆውን ካቆመ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው። ጠዋት እጁ ሳያስበው ወደ ትምባሆ ቆርቆሮው ሄደ። ሲከፍተው ራሒማ በተቆላ ሰሊጥ ሞልታዋለች።

«ሲያምርህ እሱን ቆርጥም» አለችው ከጓዳ።

ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ጨመረና እያላመጠ ወደ ሚዛኑ ሄደ።