የአጎቴ ሁለት ጣቶች

አጎቴን እወደዋለሁ። አስቀድሜ የምናገረው፣ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስድብ ስለሚመስል ነው።

ዕድሜውን የፈጀው ፎቶ ኮፒ ማሽን አጠገብ ቆሞ ነው። ዋናው ሰነድ ጠፍቶበት በኮፒ የዳነ ሰው ሁሉ ስለሚመርቀው፣ ኮፒ የማያድነው ነገር ያለ አይመስለውም። ሱቃችን ኮምፒውተር ሲገባም መጀመሪያ የለመደው ኮፒ የሚያደርጉትን ሁለት ቁልፎች፣ ኮንትሮልና ሲን፣ አንድ ላይ መጫን ነበር። የሚገለበጥ ነገር ኖረም አልኖረ ግድ የለውም፤ ስጋት በገባው ቁጥር ሁለቱን ቁልፎች ቀጭ ያደርጋቸዋል። ለጥንቃቄ ነው ይላል።

የፎቶ ኮፒው ገበያ ሲቀዘቅዝ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ጀመርን። የምንቀዳበት ፕሮግራም ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራ ጥቁር ገጽ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። እዚያ ላይ እነዚያ ሁለት ቁልፎች ኮፒ አያደርጉም፤ ፕሮግራሙን ቀጥ አድርገው ያቆሙታል። ይህን ስንቴ እንደነገርኩት እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። የሰው ሰርግ መሀል ላይ አቋርጧል። ቁልፉ ላይ ቀይ ፕላስተር ብለጥፍበት፣ ቆሻሻ መስሎት ልጦ ጣለው። ጨጓራዬ የተላጠው በሱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ነርስ ካሴት ይዛ መጣች። አባቷ እሷ ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ከሩቅ የሥራ ቦታው የላከው ነው። ሳትወለድ ሞተ። እናቷ መስማት አልሆንላት ብሎ ደብቃው ኖራ፣ ገና አሁን ሰጠቻት። ነርሷ የአባቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም። ክሩን ሳየው ልቤ ፈራ፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አንዴ ከዞረልን ዕድለኞች ነን፣ ሁለተኛ አይችልም አልኩት ለአጎቴ። ነርሷ ከሥራ ስትወጣ ልትመለስ ሄደች።

ፕሮግራሙን አስጀመርኩና እንዳይነካ አስምዬው ወረቀት ላመጣ ወጣሁ። ስመለስ ካሴቱ እየተናገረ ነው፤ አጎቴ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ጥቁሩ ገጽ ግን መቅዳቱን አቁሞ አዲስ ትእዛዝ ይጠብቃል።

ምን ነካህ ስለው፣ “እንዲህ ያለ ነገርማ መጥፋት የለበትም ብዬ ኮፒ አደረግሁት” አለኝ።

ደሜ ፈላ፤ ካሴቱ የሚለውን እንኳ አልሰማሁም። ሌላው ቢቀር ቀሪውን ልቅዳ ብዬ ሳልጨርስ ካሴቱ አለቀ። ወደ ኋላ ሳጠነጥነው ቴፑ በላው፤ ክሩ ተበጣጥሶ ወጣ። የተረፈን እስከተቋረጠበት ድረስ የተቀዳው ብቻ ነው።

ማታ ነርሷ መጣች። ሁሉንም ነገርኳትና ያለውን አሰማኋት። አባቷ ቤተሰቡን ሁሉ ሰላም አለ፣ ስለ ብርዱ አማረረ፣ ከዚያ “አሁን ደግሞ ለልጄ የምነግራት አለኝ” ብሎ ድምፁ ተቆረጠ። ድገሚልኝ አለች። ደገምኩላት፤ እዚያው ላይ ቆመ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አጎቴንማ ላንቀው ምንም አልቀረኝ።

“ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ ሰምቼዋለሁ” አለ አጎቴ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ነርሷ ዞራ አየችው። “ይንገሩኝ” አለችው።

መቅጃውን አስጀምሬ ማይክሮፎን አፉ ላይ ደቀንኩለት። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ምንም ሳይጨምር ቀስ ብሎ አወጣው።

“ ‘እናትሽ ወንድ ነው ትላለች፤ እኔ ግን ሴት ነሽ ብያለሁ። ስመጣ ታፍሪኝ ይሆናል። እኔም ዓይናፋር ነኝ፤ ምን እንደምልሽ አላውቅም። እስክንላመድ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን።’ ”

ሌላ አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይኸው ነው አላት።

እኔ ንዴቱ እስከ ዛሬም አልበረደልኝም። ነርሷ ግን ወንበሯን ስባ አጎቴ አጠገብ ተቀመጠች፤ ሱቁን እስክዘጋ ድረስ ሁለቱም ቃል አልተነፈሱም።