ወንድይፍራው ደረጃ ላይ ያስቆማቸው ጸሎተኞች

የወንድይፍራው አንድ ተራ ቀን ምን ታስወጣዋለች ቢባል፦ አሥራ ሁለት ሰዓት መቆም፣ ሁለት ሰዓት በሠራተኛ አውቶቡስ መንገጫገጭ፣ ሦስት መቶ ጊዜ ያህል ደግሞ «ባጅዎን ያሳዩኝ» ማለት። ዐረብ አገር፣ አል ሂላል በሚባል ሰፈር የአንድ ሕንፃ ጥበቃ ነው። ቢን ኦምራን በሚባለው ሰፈር፣ አምስት ሆነው የሚኖሩባት ክፍል ሲደርስ የሚተርፈው ጉልበት ጫማ ለማውለቅ ብቻ ይበቃል።

የአሳማ ጉንፋን በተወራበት በፈረንጆቹ 2009 አብሮት የሚኖረው ሳምሶን እያተኮሰውና እያሳለ ገባ። «ብርድ መትቶት ነው» አሉና መስኮቱን ጥርቅም አድርገው ዙሪያውን ተቀመጡ። ወንድይፍራው ግን ያሰበው ለጋሽ ፈቃዱ ነው። ጋሽ ፈቃዱ እዚያችው ክፍል የሚኖሩ፣ አስም ያለባቸው ሹፌር ናቸው፤ አምና ተራ ጉንፋን ይዟቸው ትንፋሽ አጥሯቸው ለጥቂት ነው የተረፉት።

ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተው።

«ሰውዬው፣ ልትገድለው ነው እንዴ?» አለ ፍሬው፣ ሌላው የክፍል ጓደኛቸው።

«ብርድ አይደለም፣ ቫይረስ ነው!»

ወንድይፍራው የሚጠብቀው ሕንፃ ነዋሪ ሙሐመድሰዒድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው። ሊፍት ሲጠብቅ ያስረዳውን ወንድይፍራው በጥበቃ ቋንቋ ነገራቸው። «ቫይረስ እግር የለው፣ እጅ የለው። በትንፋሽ ተሳፍሮ ጉሮሮ ይደርሳል። እዚያ ያሉት ሕዋሶች ለራሳቸው ሥራ ብለው ገላቸው ላይ ስኳር መሰል ነገር አንጠልጥለዋል። የቫይረሱ ጫፍ እሱ ላይ ልክክ ይላል። በር አይሰብርም፤ ሕዋሱ ራሱ የቤት ሰው መስሎት ስቦ ያስገባዋል። ከዚያ ተባዝቶ በሺህ ሆኖ ይወጣል።»

«ጥበቃው ተኝቶ ነበር በለኛ!» አለ ፍሬው።

«አልተኛም! ባጅ አይቶ ነው ያስገባው። በሩ ድረስ ከመጣማ ኸላስ፣ አለቀ፤ ዋናው ቀድሞ በሩ እንዳይደርስ ማድረግ ነው።»

ወዲያው የጋሽ ፈቃዱን ፍራሽ ተሸክሞ ጎረቤት ክፍል አስገባቸው።

አርብ የጸሎት ኅብረቱ ሰዎች ሃያ ሆነው መጡ። በታመመው ላይ እጅ መጫን፣ ከዚያ ያገኙትን ሁሉ ጉንጭ ለጉንጭ መሳም ልማዳቸው ነው። ወንድይፍራው ደረጃው ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ።

«ወንድሜ፣ እዚህም ባጅ ልናሳይህ ነው?» አለች የኅብረቱ መሪ ጥሩዬ። «እምነትህን የት ጣልከው?»

ጸሎት ከለከለ ተብሎ ስሙ ሊነሣ ነው።

«እኅቴ፣ ሳምሶንን ስማችሁ ጋሽ ፈቃዱን ልትስሙ ነው። እጃችሁን ከዚያው ዘርጉ። እግዚአብሔር ደረጃ ላይ ሲጸለይ አይሰማም?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ጥሩዬም «ያላ፣ በሉ እንግዲህ እዚሁ!» ብላ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች። ደረጃውን ሞልተው ጸለዩ።

ሳምሶን በሳምንቱ ተነሣ። ፍሬውም ጥቂት አስሎ ዳነ። ጋሽ ፈቃዱ ግን ጉንፋኑ ሳይነካቸው የመኪናቸውን መሪ ጨበጡ። ወንድይፍራው የሰማውን ሥራ ላይ የሚያውል ሰው ነው፤ በሚወዷቸው ሰዎች ፊት እንዲያ መቆም ለማንም አይቀልም።

ታሪኩ እንዲጻፍ የፈቀደው አንድ ነገር ለምኖ ነው፦ «የምታነቡ ሁሉ፣ ስትታመሙ ‹ዛሬ አትምጡብኝ› ማለትን አትፈሩ። የተባላችሁም አትቀየሙ፤ ሾርባውን በር ላይ አስቀምጡና ደውሉ።»