እግረ ወፍራሙ ጫጩት

ባሏ አህመድ ሥራ ፍለጋ ወደ አሳይታ ከወረደ ወዲህ ሩቂያ መካነ ሰላም ላይ ከትንሿ ልጇ ከእንቁ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። ዘመኑ ስልሳ ስድስት ነው። በልጉ ከድቷል፤ ከቆላው የተፈናቀለው ሰው በየአጥሩ ሥር ተኮራምቶ ይውላል። የከተማው ወሬ ግን አዲስ አበባ ስለታሰሩት ሹማምንት ነበር። ሩቂያን የያዛት ጭንቀት ሌላ ነው፤ እንቁ ከቀን ወደ ቀን ትከሳለች።

በቤቱ የቀሩት ጥቂት የዳክዬ ጫጩቶች ናቸው። ፊታቸው ላይ ቀይ ሥጋ የሚያወጡትን ትልልቆቹን ዳክዬዎች የሰጣት የግብርና ሠራተኛው ፈንታው ነበር። እነሱን ሌባ ሲወስዳቸው ጫጩቶቹ ተረፉ። ፈንታው ወደ ደሴ ሲዛወር፣ «ወንድ ወንዱን እረጂ፣ ሴቶቹን ለእንቁላል አቆዪ» ብሏት ሄደ። ወንዱ እግሩ ይወፍራል፣ ምንቃሩም ይሰፋል። እየጎረመሰ ሲሄድ ድምፁ ይታፈንና «ሽሽ» ይላል፤ የሴቷ እንደቀጠነ ይቀራል። «ካልቸኮልሽ ፊታቸው ይለይልሻል፤ የወንዱ ቀድሞ ይቀላል» አላት።

ሩቂያ መጠበቅ አልቻለችም። ካለቻት ባቄላ አብዛኛውን ለልጇ እየቆላች ትሰጣለች፤ ልጅቱ ግን አጥንቷ ወጣ።

«በላሽ?»

«በላሁ፣ እማ።»

በሽታ ቢሆን ነው ብላ ዱዓ አስደረገችላት። በመጨረሻ ልጄ ሥጋ ትቅመስ ብላ ከጫጩቶቹ መሃል እግሩ የወፈረውን፣ ደረቱ የሞላውን ያዘችና ለጎረቤቷ ለአባ ጀብሪል ወሰደችላቸው።

ሽማግሌው ቢላዋቸውን እንደያዙ ጫጩቱን ጆሯቸው አጠገብ አድርገው አዳመጡት።

«ሩቂያ፣ ይቺ ድምፅዋ ቀጭን ነው። ወንድ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?»

«እግሩን አይዩትም እንዴ፣ አባ? ገና ልጅ ስለሆነ ነው ድምፁ ያልጎረነነው።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና ቢስሚላህ ብለው ባረኩላት።

ቤቷ ገብታ ሆዱን ስትከፍት፣ ከጀርባው አጥንት ሥር እንደ ጤፍ የደቀቀ የእንቁላል ፍሬ ተሰብስቧል። ሴት ነበረች።

«ያ ረቢ! ምን ነክቶኝ ነው? ከሁሉም የወፈረችው እሷ፤ እንዴት ሴት ትሆናለች?»

እንቁ በሩ ላይ ቆማ ላባውን አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«እኔ ነኛ ያወፈርኳት! ቆሎዬን እያኘክሁ አበላት ነበር። እንቁላል ስትጥል አንቺም እንድትበዪ ብዬ። አንቺ እኮ አትበዪም፣ እማ።»

ሩቂያ ያለችበት ጠፋት። ልጇን ትቆጣ፣ ትቀፍ፣ አላወቀችም፤ ደም የነካውን እጇን ከኋላዋ ደብቃ ቁጭ አለች።

እንቁ ያንን ሥጋ አልቀምስም ብላ ድርቅ አለች። ሩቂያ መረቁን የሌላ ሥጋ ነው እያለች በማታለል አጠጣቻት። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ አኝካ እስክትውጥ ከፊቷ አትነሳም፤ እንቁ ደግሞ እናቷ ካልጎረሰች አፏን አትከፍትም። ሁለቱ እንዲህ እየተጠባበቁ ሳሉ የእርዳታ ስንዴ ደረሰላቸው።

አህመድ መስከረም ላይ ተመለሰ። ከቀሩት ዳክዬዎች ፊታቸው የቀላውን ወንዶቹን እሱ አረደ። ሩቂያ ግን አብራ አልበላችም፤ ለምን እንደሆነም ለባሏ ነግራው አታውቅም።